ያልላክኋቸው ቪዲዮዎች

ጥር 14፣ ረቡዕ

ጠዋት ውርጭ። ጎመኑን በጆንያ ሸፍኜ ስለነበር ተርፏል። የጎረቤት ድንች ግን ጠቁሯል።

የእንቁ ጉንፋን ለቋል። ሳል የለም። ቁመቷን የበሩ መቃን ላይ ለካሁ፦ ሰማንያ ስምንት ሴንቲሜትር። ለሁለት ዓመት ከሰባት ወር ልጅ ደህና ነው። ከመቃኑ ዞር ስትል ወደቀች። ሳቅን። ተነሳች፣ ደግማ ወደቀች።

"ጫማው ሰፍቷት ነው" አለች ባለቤቴ አሰጋሽ። አወለቅንላት። በባዶ እግሯም ወደቀች።

ለአርብ ቪዲዮ መቅረጽ አለብኝ።

ጥር 16፣ አርብ

ብዙአየሁ ጅዳ የምትሠራበት ቤት እመቤት ስልኳን የምትሰጣት አርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ልጄ ልጇን እኛ ጋ ትታ ከሄደች አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። እንቁ ያኔ ትድህ ነበር። የመካነ ሰላም ኔትወርክ ፊት ለፊት ለመተያየት አይበቃም፤ በየሳምንቱ አጭር ቪዲዮ እልካለሁ። ያስተማረችኝ ጎረቤታችን ሀዲያ ናት። እሷም ስድስት ዓመት ጅዳ ኖራ ተመልሳለች።

ዛሬ ሦስት ጊዜ ቀረጽኩ። በመጀመሪያው ወደቀች። በሁለተኛው ኳስ ልታነሳ ስትል እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ተናደደች፣ አለቀሰች። ለሦስተኛው ቁጭ አድርጌ "እማዬ" አስባልኳት። ሦስተኛውን ላክሁ።

መልስ በድምፅ፦ "አባዬ፣ ለምን ቁጭ አለች? ስትሮጥ አሳየኝ እንጂ!"

"ደክሟት ነው" ብዬ ጻፍኩ።

ደክሟት ነው?

ጥር 19፣ ሰኞ

ከመገመት መቁጠር ይሻላል። ከበሩ እስከ ኮክ ዛፉ በእሷ እርምጃ ሃያ ሁለት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ላስኬዳት ወሰንኩ።

ጠዋት ሁለቴ ወደቀች። ቀትር ላይ አራቴ። ከሰዓት እምቢ አለች፤ ሱሪዬን ይዛ ቆመች። አቋቋሟም እግሮቿን አራርቃ ነው፣ ጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው። ታኅሣሥ ላይ ዶሮ ታባርር ነበር።

ጥር 20

አሰጋሽ ገንፎ እያጎረሰቻት ጠራችኝ።

"ና እይ። ዓይኗ ይጨፍራል።"

"ዓይን አይጨፍርም። ይንቀጠቀጣል በይ።"

"አንተ ስሙን ፈልግለት። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።"

ስደርስ ቆሟል። ምንም አላየሁም።

ጥር 21

አየሁ።

ሁለቱም ዓይኖች አንድ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ በሰያፍ... በሚፈላ ውሃ ውስጥ እንደሚዘል ሽምብራ። ሰባት ሰከንድ ያህል። ከዚያ ቆመ። እሷ ምንም እንዳልሆነ "ውሃ" አለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ የስንት ልጅ ዓይን አየሁ? እንዲህ ያለ አላየሁም። አሰጋሽን ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ጤና ጣቢያ ሄድን። ጤና መኮንኑ አለምነው ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩት።

"ጋሼ አራጋው፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ልፈትንዎት?"

ጆሮዋን አየ፣ ጉሮሮዋን አየ፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ዓይኗ በዚያ ሰዓት ጸጥ ብሏል። እንግዳ ሲመጣ እንደሚጨምት ልጅ።

"ጉንፋኑ ወደ ጆሮዋ ገብቶ ሚዛኗን ነክቶት ይሆናል።"

"ይሆናል?"

"ይሆናል ነው ጋሼ። አሁንም ማርክ ይቀንሱብኛል?" ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። "ሽሮፑን ሰባት ቀን ስጧት። ከባሰባት ግን ሰባቱን አትጠብቁ።"

ጥር 23፣ አርብ

ስድስት ጊዜ ቀረጽኩ። አምስቱ የማይሆኑ። በስድስተኛው አሰጋሽ ከኋላ በቀሚሷ ደግፋታለች፤ እጇ እንዳይታይ ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ላክሁ።

የማይሆኑትን እንዴት እንደማጠፋ አላውቅም። ስልኩ ውስጥ ተከማችተዋል። ሀዲያን ብጠይቃት ታያቸዋለች። ይቅር።

"እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች?" አለች አሰጋሽ። "ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። መስኮት ስትወለውል ሐሳብ ገብቷት ብትወድቅስ?"

የአገራችን ሥርዓት ነው። እናቴ ስትሞትም ከብዙአየሁ አሥራ አንድ ወር ደብቀናል። "አያትሽ ሰላም ብላሻለች" እያልኩ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ስትረዳ ያለችው አንድ ነገር ነው፦ "ለሞተ ሰው ሰላምታ እልክ ነበር።"

ጥር 27

ሽሮፑ ስድስተኛ ቀኑ። ጠዋት ስምንት ጊዜ ወደቀች። ቀትር ላይ መቁጠር አቆምኩ፤ ሁለት እርምጃ አልሄደችም።

ጠባይዋም ተለውጧል። ማንኪያ ትወረውራለች። "ዶሮ" ማለት ትታለች። ዛሬ እጄን ነከሰችኝ፣ ነክሳ ራሷ አለቀሰች።

ጥር 30፣ አርብ

አሰጋሽ ጸበል አለች። አልተከራከርኩም። ሀዲያም ልታግዘን አብራን ወጣች። ወረፋው ላይ አንዲት ሴት ጮክ ብላ፦

"ቆንጆ ልጅ እየቀረጹ ባሕር ማዶ ሲያሳዩ፣ ታዲያ ዓይን አይበላትም? የተማረ ሰው ደግሞ!"

ሰው ሳቀ። አሰጋሽ ቀና ብላ አየችኝ። ቀስ ብላ ወደ መሬት አየች። አልሳቀችም።

ውሃው ሲነካት ጮኸች፣ ዓይኗ ተነሣ። እንደዛሬ ሆኖ አያውቅም። ክንዶቿም ይዘላሉ። ከአጠገባችን ያሉት አማትበው ፈቀቅ አሉ። ቄሱ ግን ቀረቡ፣ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

"መምህር፣ ይህ ስንት ቀኑ ነው?"

"ካየሁት አሥረኛ ቀኑ።"

"የእኛው እዚሁ አለ፣ አይሸሽም። እናንተ ወደ ሐኪም ፍጠኑ።"

ከሰዓት ለብዙአየሁ "ኔትወርክ የለም፣ ቪዲዮ አይሄድም" ብዬ ጻፍኩ።

መለሰች፦ "ኔትወርክ ከሌለ ይሄ በምን መጣ አባዬ?"



የካቲት 2፣ እሑድ

ከምሳ በኋላ ተኛች። አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ከዓይን ቆቧ ሥር ብሌኗ ይንቀሳቀሳል፤ ተኝታም አይቆምም። የአሰጋሽ ወንድም "አሞላቃችኋት፣ እልህ ነው" ይለን ነበር። የተኛ ልጅ እልህ አይዝም። ይህንንም ቀረጽኩት። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

የካቲት 3፣ ሰኞ

አለምነው አላመነታም። ደሴ ሂዱ ብሎ ጻፈ።

"ከእኔ በላይ ነው ጋሼ።"

"ምን ይመስልሃል?"

"አላውቅም።" ተማሪ እያለ ይህን ቃል ብሎት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ይገምት ነበር። ፈራሁ።

የካቲት 4

መንገድ ዝግ ነው። መኪና የለም።

የካቲት 5

የለም። መቀመጥ አቃታት። በሁለት ትራስ ደገፍናት።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ ተገኘ። የአሰጋሽ ጉልበት ያን መንገድ አይችልም። ሀዲያ ሳትጠየቅ ነጠላዋን ጠቅልላ መጣች። "እህቴ ደሴ አለች። ወንድ ብቻውን ሕፃን ይዞ የት ይደርሳል? ይግቡ ጋሼ፣ አብሽሩ።" አቀስታ ላይ ዳቦ በላን። እንቁ መንገዱን ሁሉ ስታስመልስ ነበር፤ ሀዲያ በጭኗ ይዛት "ያረቢ፣ ያረቢ" ትላለች።

የካቲት 7፣ አርብ

ሆስፒታል። ጭንቅላቷ በሲቲ ስካን ተነሣ። እንዳትንቀሳቀስ ማስተኛ ሰጧት። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ይዞ መጣ፦ "አባባ፣ ደስ ይበልዎ። ጭንቅላቷ ንጹሕ ነው። ከጉንፋን በኋላ እንዲህ ያለ መንገዳገድ ይመጣል፣ በሳምንታት ይተዋል።"

"ዓይኗስ?"

የዓይን ቆቧን ገልጦ በባትሪ አየ። በመድኃኒቱ ደንዝዛለች፤ ዓይኗ እንደ ድንጋይ ረግቷል። "አሁን ምንም አይታየኝም።" ደብተሬን አሳየሁት። አገላበጠው። "ጎበዝ ነዎት" ብሎ መለሰልኝ። ሰኞ የሕፃናት ስፔሻሊስት ታያታለች፣ ከዚያ ትወጣላችሁ አለ።

የብዙአየሁ ሰዓት ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያኔ ሳልልከው የቀረውን የኅዳር ቪዲዮ ፈልጌ ላክሁ። ዶሮ የምታባርርበትን።

"ማሻአላህ ልጄ! ሮጠች! አባዬ ሮጠች እኮ!"

ከዋሸሁት ሁሉ ይህ ከፋ።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ሁሉን በቅደም ተከተል ልጻፍ። 

ስፔሻሊስቷ ዶክተር ኪዳን ትባላለች። አጭር፣ ጥድፊያ የሌላት ሴት። እንቁን መረመረች። እንቁ አፍጥጣ አየቻት፣ ዓይኗ አሁንም ጸጥ። አለመታደል! ዶክተሯ ወረቀቱን ለመፈረም ብዕር አነሣች። "ከባሰባት ትመለሳላችሁ።"

"የመጣነው ከመካነ ሰላም ነው" አልኩ። "ተመለሱ ማለት ቀላል ነው።"

ያኔ ሀዲያ ከጥግ ተናገረች። "ዶክተር፣ ጋሼ የማይልኳቸው ቪዲዮዎች አሏቸው።"

ዞሬ አየኋት። ታውቅ ኖሯል።

"ስልኩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ እኮ። ካርድ ልሞላ ስል አየሁ። አፍሬ ዝም አልኩ። ወላሂ አሁን ዝም አልልም። ያሳዩዋት ጋሼ!"

ሰጠሁ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ዶክተሯ የመጀመሪያውን ቆማ አየች። ሁለተኛውን ተቀምጣ። አራተኛው ላይ ወጣቱን ሐኪም አስጠራች። የጸበሉን ቀን ሀዲያ ቀርጻ ልካልኝ ኖሮ እሱም አለ።  የተኛችበትን ሦስት ጊዜ ደገመችው።

"ተኝታም አይቆምም?"

"አይቆምም። ጽፌዋለሁ፣ የካቲት ሁለት።"

"እነዚህን ለማን ላኩ?"

"ለማንም። ጥሩ ስላልሆኑ አስቀረኋቸው።"

"ጥሩዎቹ እነዚህ ናቸው፣ አባት።" ወደ ወጣቱ ሐኪም ዞረች። "ምንድን ነው የምታየው? ዓይኗ በየአቅጣጫው፣ እጅና እግሯ ይዘላል፣ ትንገዳገዳለች፣ ጠባይዋ ተለውጧል። የሚጨፍር ዓይን ነው። አልትራሳውንድ፣ አሁን። ሆዷን።"

"ሕመሟ ዓይኗና እግሯ ላይ ነው" አልኩ።

"ለዚህ ነው ሆዷን የማየው።"

ከግራ ኩላሊቷ በላይ። የኮክ ፍሬ የሚያህል... አይደለም፣ በትክክል ልጻፍ፦ ሦስት ሴንቲሜትር። እጢ።

ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፦ ኒውሮብላስቶማ። ከነርቭ ሕዋስ የሚነሣ የሕፃናት ካንሰር። አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ውስጥ ይበቅላል። አንዳንዴ ግን የሚታወቀው በሆድ አይደለም፤ የልጁ ሰውነት እጢውን ሊዋጋ ያሰለፈው መከላከያ ስቶ አንጎሉን ይመታል። ሌባ የሚያሳድድ ውሻ የቤቱን ልጅ እንደሚነክስ፣ ብዬ በራሴ አባባል ደገምኩላት። "እንደዚያ ነው" አለች። "ውሻው ነው የነገረን። ሌባው ገና ትንሽ ሳለ።"

አዲስ አበባ ትቆረጣለች... ትቆረጣለች አይባልም። እጢው በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

የካቲት 11

ለአሰጋሽ በስልክ ነገርኳት። የእጢውን ስም አስደገመችኝ። ከዚያ፦ "እኔ ይጨፍራል ብዬህ ነበር።"

"ብለሻል። ሐኪሟም ያለችው እንዲያ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩ።"

"ለብዙአየሁ እንዳትነግራት። እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ብቻዋን ናት።"

 ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አሥራ ዘጠኙንም በቀን በቀናቸው ላክኋቸው። ከሥር ጻፍኩ፦ "ዋሽቼሻለሁ። የኅዳሩን ሩጫም። እውነቱ ይህ ነው።" የእጢውን ስምና ልኩን ጨመርኩ።

እስከ አርብ አታየውም።

የካቲት 12

ሀዲያ ነገረችኝ፦ ሳይታይ መልሶ ማጥፋት ይቻላል። ጣት ጭኖ መያዝ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት ስፈልገው የነበረውን ዛሬ ተማርኩት።

የካቲት 13

ሁለት ጊዜ ጣቴን አኖርኩ። ሁለት ጊዜ አነሣሁ። መስኮት ስትወለውል... ከፎቅ... አሰጋሽ ትክክል ብትሆንስ?

የካቲት 14፣ አርብ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ አየችው። ምልክቱ ተለወጠ። ሃምሳ ደቂቃ ምንም የለም። ኮሪደሩን እየቆጠርኩ ተመላለስኩ፣ አንድ ጫፍ እስከ ጫፍ አርባ ስድስት እርምጃ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። መጀመሪያው ለቅሶ ብቻ ነው። ቀጥሎ፦

"አባዬ፣ ባለፈው አርብ ስትሮጥ አየሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ዕቃ እያጠብኩ ስዘፍን ዋልኩ። ለሞተ ሰው ሰላምታ... አሁን ደግሞ ይሄ።"

ሌላ ድምፅ፦

"ሰባተኛውን ሦስት ጊዜ አየሁት። ወድቃ እጇን የዘረጋችው ወደ አንተ ነው። አንተ ስልክ ይዘህ ቆመሃል። ለምን አላነሣሃትም አባዬ?"

ሰባተኛውን ከፍቼ አየሁ። እውነት ነው። አሥራ አንድ ሰከንድ ቆሜያለሁ። ሰከንዱን አውቀው ነበር። እጇን ግን አላየሁም።

መጨረሻ ላይ፦ "ከዛሬ ጀምሮ አትምረጥልኝ። የሚሆነውንም የማይሆነውንም ላክ።"

የካቲት 19፣ ረቡዕ

አዲስ አበባ ገባን። ሀዲያ ተመለሰች፤ ስሸኛት "ተቆጥተውኛል?" አለች። "ማርክ ልሰጥሽ ብፈልግ ወረቀት አይበቃም" አልኳት። ሳቀች፣ አለቀሰች።

ብዙአየሁ ቪዲዮዎቹን ለእመቤቷ አሳይታቸዋለች። ሴትዮዋ ስልኩን በእጇ ተወችላት። በየቀኑ ትደውላለች።

መጋቢት 5፣ አርብ

እንቁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ብዙአየሁ ስልኩ ላይ ናት። አልዘጋችም፤ እኔም አልዘጋሁም። ብዙ አልተነጋገርንም። አንዴ "አባዬ በልተሃል?" አለች። አንዴ እኔ "ሥራሽስ?" አልኩ። "ይቆይ።"

ሰባት ሰዓት ከሃያ ሐኪሞቹ ወጡ። እጢው ሙሉ በሙሉ ተነቅሏል።

መጋቢት 16

የላቦራቶሪው ውጤት፦ ኒውሮብላስቶማ ነው፤ ሌላ ቦታ አልተሰራጨም። ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ሐኪሙ ግን ጉዳዩን ቸኩዬ እንዳልዘጋው ነገረኝ። ካንሰሩ ቢወጣም ውሻው ገና አልታሰረም። መርፌና ኪኒን ወራት ይቀጥላል። ጉንፋን በያዛት ቁጥር የዓይኗ ጭፈራ ሊመለስ ይችላል። መሄድ፣ መናገር፣ ትምህርት... ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ያለውን እንዳለ ለብዙአየሁ ነገርኳት። አልቀነስኩም።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ሆስፒታል አቅራቢያ ዘመድ ቤት። በመድኃኒቱ ፊቷ እንደ ሙልሙል ክብ ሆኗል፣ ቀኑን ሙሉ "እንጀራ" ትላለች። ዓይኗን ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ። ሁለቴ ብቻ፣ አጭር።

ግንቦት 8፣ አርብ

መካነ ሰላም። ከተመለስን አምስተኛ ቀን።

አለምነው ሊጠይቃት መጥቶ ነበር። የዶክተር ኪዳንን ወረቀት ቁጭ ብሎ ገለበጠው። "ሌላ ልጅ ቢመጣብኝ" አለ። ዶክተሯ ሆዷን ያየችበትን ምክንያት ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ማርክ አልጠየቀም።

አሰጋሽ ኮክ ዛፉ ሥር ተቀመጠች። እንቁን በሩ ላይ አቆምኳት። "ነይ ወደ እማማ!" ስልኩን አበራሁ። አንድ፣ ሁለት... እግሯ አሁንም ይራራቃል፣ ክንዷ ሚዛን እንደሚፈልግ ወፍ። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። ወደቀች።

ስልኩን ሣሩ ላይ ጣልኩና ሮጥኩ።

አሁን ቁጭ ብዬ ቪዲዮውን አየሁት። አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ። ከአሥራ አምስተኛው እርምጃ በኋላ የሚታየው ሰማይና አንድ የኮክ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ድምፅ ግን አለ። የእኔ ጫማ። "መጣሁ፣ መጣሁ።" የአሰጋሽ "ቀስ በል፣ አንተ ራስህ ትወድቃለህ!" ከዚያ እንቁ፣ ተቆጥታ፦ "ልቀቅ አባባ! ራሴ!"

ከዚያ የሣር ኮሽታ። ከዚያ አሰጋሽ ስትቆጥር፦ አሥራ ስድስት... አሥራ ሰባት...

ደግሜ አልቀረጽኩም። ላክሁት።